የአያ ጅቦ መቀነት

«ትንሿን አምጫት። የእሱ ዘመድ ናት፤ ብትጎዳም አትጮህም።»

የተናገረው የላውንደሪው ሥራ አስኪያጅ ነው። የተነገራት የካውያው ክፍል አለቃ እትዬ ጨው ናት። ሳይጠሩት የሰማው ደግሞ ገርበብ ካለው በር ጀርባ የጓንት ካርቶን ታቅፎ የቆመው የደህንነት ኃላፊው ነው። «እሱ» የተባለው እሱ ራሱ ነው። ትንሿ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ ከእነሱ ጋር የምትኖር፣ እስካሁን ፎጣ ስታጥፍ የከረመች ልጅ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን በእርግጫ ብሎ ይገባ ነበር፤ ካልሆነም ካርቶኑን እዚያው ወርውሮ ይሄድ ነበር፤ ሌላው ቢቀር ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። እሱ ግን ካርቶኑን ከቀኝ ክንዱ ወደ ግራው አዛወረና ንግግራቸውን እስኪጨርሱ በጨዋ ደንብ ጠበቀ። ከዚያ አንኳኩቶ ገባና «ጓንቶቹ መጥተዋል ጌታዬ» አለ። ይህ የሆነው ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የነገራት ስለ ጓንቶቹ ጥራት ብቻ ነበር።

ቤቱን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ጠንቃቃ አባወራ አይቶ አያውቅም። የጠረጴዛው አራት ማዕዘኖች ከአሮጌ ፍራሽ በተቆረጠ ስፖንጅ ተሸፍነው በፕላስተር ታሽገዋል። ቢላዎቹ መሳቢያ ውስጥ ስለታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ምድጃው አጠገብ የነበረው መጋረጃ እሳት ይስባል ተብሎ ከወረደ ወዲህ የጎረቤት ሰዎች ሚስቱ ምን እንደምታበስል ከእሷ ቀድመው ያውቃሉ። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር ክልክል ነው፤ ስለዚህ የመተላለፊያው አምፖል ከተቃጠለ ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰ ያልፋል። ጨለማው አደጋ መሆኑን ሚስቱ አንድ ቀን ብታነሳበት «እሱ በጥናት ላይ ነው» ብሏታል።

ዛሬ ጠዋትም ገና ሸሚዙን እየቆለፈ ወደ ማዕድ ቤት ብቅ አለና «የመጥበሻው እጀታ ወደ ውጭ ዞሯል» አለ።

ሚስቱ እጀታውን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እንቁላሉን እያገላበጠች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ትንሿን ዛሬ አያ ጅቦ ላይ ሊያቆሟት ነው አሉ» አለችው።

አያ ጅቦ የካውያ ማሽን ነው። እርጥብ አንሶላ በአንድ ወገን ይጎርሳል፣ በጋለው ሲሊንደሩና በተወጠረው ቀበቶ መሐል ያሳልፈዋል፣ በሌላው ወገን ደረቅና ልስልስ አድርጎ ይተፋዋል። ስሙን ያወጡለት ሴቶቹ ናቸው፤ የሚጎርሰውን አይመርጥምና። ሠሪው ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ አፉ ላይ አንድ ዘንግ አድርጎለታል። ጣት ዘንጉን የገፋ እንደሆነ ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ቀጥ ይላል። ችግሩ፣ የዘንጉ ሞላ በእርጅና ላልቶ፣ የተጨማደደ አንሶላ በነካው ቁጥር ሁሉ ማሽኑ ይቆም ጀመር። ማሽን ሲቆም ሥራ አስኪያጁ ይነሳል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳ በኋላ አንድ ጠዋት ዘንጉ በአንሶላ ብጣሽ ወደ ኋላ ተጠፍሮ ተገኘ። ማን እንዳሰረው አይታወቅም። ያሰረ የለም፤ ታስሮ ተገኘ እንጂ። ሴቶቹ ብጣሹን «መቀነቱ» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ አያ ጅቦ ለአፍታም ቆሞ አያውቅም፤ ባለፈው ሳምንት የአንዷን ሴት እጅ እስከ አንጓዋ ሲልጠው እንኳ አልቆመም። ዛሬ ትንሿ የምትቆመው በዚያች ሴት ቦታ ነው።

«ሥርዓት አለው» አለ ባል። ወንበሩን ከመሳቡ በፊት እግሮቹ አለመነቃነቃቸውን በእጁ ፈተነ። «ሥራው በየደረጃው ይከፋፈላል። በየደረጃው ያለው አደጋ ይለያል። ለተለየው አደጋ መቆጣጠሪያ ይበጅለታል። እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም።»

«እኔ የጠየቅሁህ መቀነቱ ይፈታል ወይ ነው።»

«ጓንት ተገዝቷል።»

ሚስቱ እንቁላሉን ሰሃን ላይ ገለበጠችው። ትንሿ ጠረጴዛው ላይ ዳቦዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች፤ የልጅ የሚመስሉ ቀጫጭን ጣቶች አሏት። እህቷ ጣቶቹን አየቻቸው፤ ከዚያ ባሏን አየች፤ ባሏ ጨው ያለበትን ብልቃጥ አየ።

ወደ ሥራ ሲሄዱ እንደ ወትሮው በእግረኛው መንገድ በውስጠኛው ጠርዝ አስኬዳት። ባዶ መንገድ ዳር ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ አሻገራት። አውቶቡስ ውስጥም «ብረቱን ያዢ» አላት። ያዘች። ትንሽ እንደሄዱ፣ «ጋሼ፣ ፊሽካህን ነፍተኸው ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ፊሽካ መጫወቻ አይደለም» አላት፤ እጁም ሳያውቀው ወደ አንገቱ ሄደ።

ፊሽካውን ያጠለቀለት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት። ያቺ ፊሽካ ከተነፋች ማሽን ሁሉ ይቆማል፤ እሱ «ቀጥሉ» እስኪል ድረስ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አንዲት ቁልፍ መጫን አይችልም፤ ተብሎ ነበር፤ ተጨብጭቦም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊሽካዋ ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም። ቤትም ሲገባ ሸሚዙ ውስጥ ከትቷት ይበላል። በየሳምንቱ በአልኮል ይወለውላታል። ነፍቷት ግን አያውቅም። እትዬ ጨው «ውስጧ ፍሬ የላትም» ብላ ካወራች በኋላ ይነፋታል አይነፋትም የሚለው ውርርድ ቀርቶ፣ ብትነፋስ ትጮሃለች ወይ የሚለው ሆነ።

ጠዋት ላይ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የዕለቱን የደህንነት ንግግር አደረገ። ጀርባው ላይ «ደህንነት» የተጻፈበትን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሷል፤ በሰደርያው ውስጥ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀጥ ይላል። «አንሶላ ማስገባት ሦስት ደረጃ አለው» አለ። «ማንሳት፣ ጠርዙን መያዝ፣ ማስገባት። ማንሳት ላይ ያለው አደጋ ወገብ ነው። መያዝ ላይ እርጥበት ነው። ማስገባት ላይ…» እዚህ ላይ ዓይኑ መቀነቱ ላይ አረፈ። መቀነቱ እዚያው ነው፤ ነጭ፣ በላብና በዘይት የወየበ፣ በደንብ የተቋጠረ። «ማስገባት ላይ ሙቀት ነው» ብሎ ጨረሰ። «ስለዚህ ጓንት እናድላለን።»

ለነገሩ የማያውቀው ነገር ሆኖ አይደለም። ስልጠና በገባ ጊዜ አሰልጣኙ መሰላል ስለው አሳይተዋቸዋል። ከላይኛው እርከን፦ አደጋውን ከነሥሩ ንቀለው። ካልቻልክ ለውጠው። ካልቻልክ ከልለው። ካልቻልክ ሥራውን ሥርዓት አስይዘው። ሁሉም አልሆን ሲል፣ መጨረሻ ታችኛው እርከን ላይ፣ ለሠራተኛው ጓንት ስጠው። እሱ በሥራ ዘመኑ ከታችኛው እርከን ወጥቶ አያውቅም፤ ከፍታ አደገኛ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚብሰው ሌላው ነው። የሚሽከረከር ሲሊንደር አጠገብ ጓንት ማድረግ እጅን ከማዳን ይልቅ ጎትቶ እንደሚያስበላ አሰልጣኙ ደጋግመው ነግረዋቸዋል፤ ፈተና ላይም መጥቶ ነበር። በትክክል መልሶ ተመስግኗል። ፈተናው ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀት ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ የለም።

ከንግግሩ በኋላ ወደ መካኒኩ ሄደ፤ መሄዱ እንዲታይለት አዳራሹን በመሐሉ አቋርጦ። መካኒኩ ጭኑ ላይ ሞተር አጋድሞ የሕፃን ገላ እንደሚያጥብ ሰው ይፈትገዋል። «ሞላው ይቀየራል» አለው ቀና ሳይል። «ግማሽ ቀን ማሽኑን አቁምልኝ። ማቆሙ የአንተ ነው፤ መፍታቱ የእኔ።» ነገሩ ይኸው ነበር። ከዚህ የቀለለ ነገር በዓለም ላይ የለም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየሄደ በልቡ አረፍተ ነገሩን አሰናዳ፦ ጌታዬ፣ ዘንጉ ካልተሠራ ማሽኑ መቆም አለበት። ደረጃውን ሲወጣ «ካልተሠራ» የምትለው «ቢሠራ» ሆነች። መተላለፊያው ላይ «መቆም አለበት» የሚለው «ጥሩ ነበር» ሆነ። በሩ ላይ ሲደርስ ከአረፍተ ነገሩ የቀረው «ጌታዬ» ብቻ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለው ሥራ አስኪያጁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ሆቴሉ አንሶላውን ዛሬ ማታ ይፈልጋል። ሰውየው ራሱ ሊያይ ይመጣል።»

«ጓንቶቹን ላድል ወይ ልልዎት ነው ጌታዬ።»

«እሱን ለመጠየቅ ነው ደረጃ የወጣኸው?»

«አይ፣ እንዲያው እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ሲወርድ የደረጃውን ብረት በደንብ ያዘ።

ጓንቶቹ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሁሉም አንድ ልክ ናቸው፤ ከርካሽ ጅምላ ሻጭ የተገዙ፣ ለግንብ ሠራተኛ እጅ የተሰፉ። ትንሿ ስታጠልቃቸው ከየጣቷ ጫፍ ያለፈው ባዶ ቦታ ሌላ ጣት ይወጣው ነበር። እጇን ወደ ታች ብታደርግ ይወልቃሉ። «ይሰፋኛል ጋሼ» አለችው። «ስትለምጂው ይሞላልሻል» አላት። እትዬ ጨው ይህን ሰምታ ሳቋን በአንሶላ ጠርዝ አፈነችው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን አላፈነችውም። ሴቶቹ ከማጠቢያዎቹ ጀርባ ቁጭ ብለው ዳቧቸውን ሲበሉ እሱ በአጠገባቸው አለፈ። «ኃላፊ» ብላ ጠራችው፤ «ዛሬስ የመተንፈስን አደጋ ለይተውልናል? እንዲያው ዝም ብለን እየሳብን እየለቀቅን ነው።» ሴቶቹ ፈነዱ። እሱ «ቀልድ ነው አደጋ የሚያመጣው» ብሎ ሄደ። ትንሿ አልሳቀችም። እትዬ ጨው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ትናንት ቢሮ ውስጥ የሰማችውን ነገረቻት፤ ያንን ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። ንግግሩ እንዳለቀ ከበሩ ጀርባ አንኳኩቶ የገባው ማን እንደሆነም ጨመረችላት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ የሆቴሉን ሰውዬ ይዞ ገባ። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አፍንጫውን በእንፋሎቱ ላይ ነፍቶ አንሶላዎቹን በሁለት ጣቱ ያነሳል። የደህንነት ኃላፊው ሰደርያውን አስተካክሎ አያ ጅቦ አጠገብ ቆመ፤ ሰርግ ላይ እንደሚቆም ሚዜ። በግራ እትዬ ጨው፣ በቀኝ ትንሿ፣ አንሶላ እያነሱ ያጎርሳሉ። አንዱ አንሶላ ጠርዙ ታጠፈ። ትንሿ ሁሉም እንደሚያደርጉት በእጇ ልታቀናው ሰነዘረች። ከጣቷ ቀድሞ የደረሰው ባዶው የጓንት ጫፍ ነው፤ አያ ጅቦ እሱን ነከሰ። ዘንጉ እንደ ተሠራበት ሊገፋ ሞከረ። መቀነቱ እንደ ታሰረበት ያዘው።

እሱ አየ። እንደ ሌሎቹ ዘግይቶ ሳይሆን ከሁሉም ቀድሞ አየ፤ ለማየት ነበር የተቀጠረው። እጁ ፊሽካዋን ከንፈሩ ላይ አደረሳት። ትንፋሹንም ሳበ፤ ሙሉ ትንፋሽ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሰደደ። ሥራ አስኪያጁ የሆቴሉን ሰውዬ ያያል። የሆቴሉ ሰውዬ አንሶላ ያያል። ትንፋሹን ሰው እንዳኖረው አደራ እዚያው ደረቱ ውስጥ ያዘው።

«እጅሽን!» ብላ የጮኸችው እትዬ ጨው ናት። ጮኻ አልቀረችም፤ ልጅቷን ወገቧን አንቃ ወደ ኋላ ተወረወረች። እጇ ከሰፊው ጓንት ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። ጓንቱ ብቻውን ገባ። ማሽኑ አልቆመም። ጥቂት ቆይቶ በሌላው ወገን፣ ከአንሶላው ጋር፣ ጓንቱ ወጣ፤ ደርቆ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ፣ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው።

«ምን ሆነ?» አለ የሆቴሉ ሰውዬ።

«ምንም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ዓይኑ ከልጅቷ ወደ ጓንቱ፣ ከጓንቱ ወደ እንግዳው ሄደ። «ጓንቱ አዳናት። ይኸው ነው ለደህንነት ገንዘብ የምናፈሰው።» ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረ። «አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ የተያዘው ትንፋሽ ተለቀቀ፤ አብሮት የወጣውም «አዎ ጌታዬ፣ ለዚሁ ነው የገዛነው» የሚል ነበር። ፊሽካዋ ከከንፈሩ ወርዳ ደረቱ ላይ ተወዛወዘች። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የሆቴሉ ሰውዬም ጨበጠው። ሁለቱ ከወጡ በኋላ ሴቶቹን ሰብስቦ የተጠለቀ ጓንት እንዴት ሕይወት እንደሚያድን አስረዳቸው፤ ድምፁም ከጠዋቱ የበለጠ ጎላ ብሎ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል» አለች እትዬ ጨው፣ ክርኗን እያሻሸች። «እኛ ቤት ግን ጅቡም አልሄደ፣ ውሻውም አልጮኸ።»

አመሻሹ ላይ ቤቱ የገባው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነው። እሱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስለ ቆየ ትንሿ ቀድማው ደርሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ሁለት ጣቶቿን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነክራለች፤ ጫፎቻቸው ቀልተው አብጠዋል። ሚስቱ ሾርባ እያወጣች ነው። እሱ ጥቅሉን ፈታና ጓንቱን በሰሃኖቹ መሐል ዘረጋው። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ይሰቀል እንዳለ፣ ከሥሩም የእሱ ስም እንደሚጻፍ፣ በሥራ ቦታ ደህንነት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ እንዳልታየ አወራ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። «ደግሞም» አለ፣ የምሥራቹን ለመጨረሻ አቆይቶት፤ «ከነገ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ይገዛል። አይሰፋ፣ አይጠብ። እጅ ላይ ልክክ የሚል። ፈቀደልኝ። እስቲ ያቺን እጅሽን ዘርጊልኝ፣ የአንቺን ልክ አሁኑኑ ልውሰድ።»

ትንሿ እጇን ከብርጭቆው አላወጣችም። «ዛሬ እጄ የወጣው ስለሰፋኝ ነው ጋሼ።»

«ዕድልም አለበት» አለ።

«ልኬ ቢሆን ኖሮስ?»

ማንኪያውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ትንሿ በደህናው እጇ ከቀሚሷ ኪስ አንድ ነገር አውጥታ ከጓንቱ አጠገብ አኖረችው። ነጭ ብጣሽ፣ በላብና በዘይት የወየበ፣ በቋጠሮው ቦታ እንደ ተጨማደደ። ለአፍታ ምን እንደሆነ ያላወቀ መሰለ።

«ሴቶቹ ሁሉ ሲወጡ ፈትቼው መጣሁ» አለች።

«ያለ ፈቃድ መሣሪያ መንካት…»

«ያሰረው ሰው ፈቃድ ነበረው?»

«ማን እንዳሰረው አይታወቅም።»

«እሱስ እውነት ነው። ከዛሬ በኋላ ግን ይታወቃል። ነገ ስገባ ታስሮ ካገኘሁት ያሰረው አንተ ነህ፤ ከአንተ በቀር መፈታቱን የሚያውቅ የለም።» ድምጿ ከፍ አላለም፤ ሾርባ አሳልፉልኝ እንደምትል ነበር የምትናገረው። «ዘመድ ናት አትጮህም ተብያለሁ አሉ። ስትሰማ ነበርክ አሉ። እንግዲህ እጮሃለሁ። አዳራሹ መሐል ቆሜ፣ ስምህን ጠርቼ፣ የእህቴ ባል ነው ብዬ እጮሃለሁ።»

ሚስቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ስትሰማ ነበርክ?» አለችው። መልስ አልጠበቀችም፤ ፊቱ ላይ አግኝታዋለችና። እሱ ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ጠረጴዛው ስፖንጅ አየ። ነገ ጠዋት ማሽኑ በየደቂቃው ሲቆም፣ ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ሲወርድ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል ታየው። የልጅቷ ጣቶች ከፊቱ ነበሩ፤ እነሱ ግን አልታዩትም። እጁን ዘረጋ። ብጣሹን አነሳ፣ በግማሽ አጠፈው፣ እንደገና በግማሽ አጠፈው፣ ወንበሩ ላይ በተንጠለጠለው ኮቱ የላይኛው ኪስ፣ ብዕሩ አጠገብ ከተተው። ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ ሾርባውን ቀመሰ። «ጨው ያንሰዋል» አለ።

ሚስቱ ጨው አላመጣችም። ጭልፋውን አስቀመጠች፣ በወንበሩ ጀርባ ዞረች፣ ከኮቱ ኪስ ብጣሹን በሁለት ጣቷ መዝዛ አወጣችው፤ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሳ ሰው። ወደ ምድጃው ሄደች። ድስቱን ገፋ አድርጋ ብጣሹን ነበልባሉ ላይ አንጠለጠለችው። ጨርቁ የጠጣው የማሽን ዘይት ነውና አንዴ ቦግ አለ።

ያን ጊዜ የቤቱን መስኮት ያንቀጠቀጠ ድምፅ ተሰማ። ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ሲራመድ የነበረው ቀጥ አለ። ጎረቤት የሚያለቅሰው ሕፃን ዝም አለ። ጠንቃቃው አባወራ ወንበሩን ገልብጦ ቆሟል፤ ጉንጮቹ ተነፍተው፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ፊሽካዋ በከንፈሩ መሐል፣ አንድ እጁ ወደሚቃጠለው ብጣሽ ተዘርግቶ።

ትንሿ ጣቶቿን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ አደራረቀቻቸው።

«ለካ ትሠራለች» አለች።